ሁለተኛው ዓመት በማን በጀት ላይ ነው?

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተጫዋቾች ውል ላይ ለሚጻፈው ገንዘብ ዋስትና እንዲኖር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በክለብ አመራርነት አልሠራሁም፣ ደላላም አይደለሁም። ነገር ግን በሰፈራችን ኳስ የሚጫወት ልጅ ሊፈርም ሲል፣ ብዙ ጊዜም ከፈረመ በኋላ፣ ወላጆቹ ወረቀቱን ይዘው መጥተው “እስቲ እይልን” ይሉኛል። በዚህ የተነሣ የብዙ ክለብ ውል በእጄ አልፏል። ደመወዙ ከፍ ይበል ዝቅ፣ ክለቡ ከላይኛው ሊግ ይሁን ከታችኛው፣ በእነዚያ ወረቀቶች ላይ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው። ልጁ ቢጎዳ፣ አሠልጣኙ ቢሰናበት፣ ክለቡ ቢወርድ፣ ከተጻፈው ገንዘብ ስንቱ የልጁ ሆኖ እንደሚቀር የሚናገር መስመር የለም። የምጠይቃችሁ ያ መስመር እንዲጻፍ፣ ለመስመሩም ገንዘብ አስቀድሞ እንዲያዝለት ነው።

አንድ ተጫዋች ለሁለት ዓመት ፈረመ ሲባል ሰው ወዲያው ወርሃዊ ደመወዙን በ24 ያባዛል። ዘመድ አዝማድ የሚያወራው ያንን ቁጥር ነው። ልጁም ራሱ የእናቱን ቤት ለማደስ፣ ታናሹን ለማስተማር የሚያቅደው በዚያው ቁጥር ነው። እኔ ግን ውሉ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ይህ ገንዘብ በየትኛው በጀት ተይዟል?

ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር፣ በዞን፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት ድጋፍ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ምክር ቤት ቁጭ ብሎ የሚያጸድቀው የዚያን ዓመት ወጪ ብቻ ነው። ክለቡ ግን ለሁለት ዓመት ያስፈርማል። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ቢዘገይም ቢቆራረጥም የሆነ የበጀት መደብ አለው። የሁለተኛው ዓመት ደመወዝ ግን ልጁ ብዕሩን ባነሣበት ቀን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ከንቲባው ሊቀየር ይችላል፣ የክለቡ ቦርድ ሊፈርስ ይችላል፣ ከተማዋ መንገድና ውኃ የሚቀድምባት ዓመት ሊገጥማት ይችላል። እኛ ጅማዎች ገና ቅርንጫፍ ላይ ባለ ቡና ዕዳ መግባት ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። የተጫዋቾቻችን ሁለተኛ ዓመት ደመወዝም እንደዚያው ገና ያልተለቀመ ነው፤ ልዩነቱ ቡናው በዓይን ይታያል።

ከማውቃቸው ልጆች የአንዱን ልንገራችሁ። ስሙን አልጽፍም፣ የክለቡንም አልጽፍም፤ ክለቡ የጅማ አይደለም። የመሐል ሜዳ ተጫዋች ነው። ለሁለት ዓመት ፈረመ። የመጀመሪያውን ዓመት ተሰልፎ ጨረሰ፤ ደመወዙም እየዘገየም ቢሆን ደረሰው። ለሁለተኛው ዓመት ዝግጅት ላይ ሳለ ጉልበቱ ዞረበት። ሐኪም ሲያየው የፊት መስቀለኛ ጅማቱ ተበጥሷል። ይህ ጉዳት ያለበት ተጫዋች ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወደ ሜዳ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ክለቡ ጥቂት ወራት ከፈለና ዝም አለ። ያስፈረመው አሠልጣኝ ሄዶ ሌላ መጥቷል፤ አዲሱ አሠልጣኝ ልጁን ሲጫወት አይቶት አያውቅም። በመጨረሻ ጠርተው የሁለት ወር ደመወዝ እንሰጥሃለን፣ “በጋራ ስምምነት ተለያይተናል” በሚለው ወረቀት ላይ ፈርም አሉት። ፈረመ።

ለምን እንደፈረመ ሳስረዳ አንዳንዱ ሰው የልጁን የዋህነት ይወቅሳል። እኔ ግን የዋህነት ሆኖ አልታየኝም። መልቀቂያ ሳይዝ ሌላ ክለብ አያስፈርመውም። የሚያድረው በክለቡ ካምፕ ነው፣ የሚበላውም እዚያው ነው። ቢከስ አዲስ አበባ መመላለስ አለበት፤ የትራንስፖርቱን የሚከፍልለት የለም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ “ከሳሽ ነው” የሚለው ስም ከአሠልጣኝ ወደ አሠልጣኝ እየተቀባበለ ዕድሜ ልኩን እንደሚከተለው ያውቃል። ጉልበቱ የታሰረ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ልጅ በእነዚህ ሁሉ ተከቦ የፈረመውን ወረቀት እናንተ ዘንድ ሲደርስ ስምምነት ብላችሁ ትመዘግቡታላችሁ። ከቀረው ውል ላይ ስንት ወር እንደተቀነሰ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የሚጠይቅ ቅጽስ አላችሁ?

ስለዚህ ጉዳይ ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚሠራ ሳነብ ከጠበቅሁት በላይ የያዘኝ በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ለእኛ ባዕድ ጨዋታ ነው። የእነርሱ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ በሀብቱ የሚስተካከለው የለም፤ ሆኖም የተጫዋቾቹ ውል በአብዛኛው ዋስትና የለውም። ክለቡ ካልፈለገው ያሰናብተዋል፤ ዋስትና ያልተሰጠበት የቀረው ዓመት ደመወዝም አብሮ ይቀራል። ጭካኔ ነው። ግን የማይደበቅ ጭካኔ ነው። አንድ ተጫዋች ሲፈርም ዜናው ሁለት ቁጥር ይዞ ይወጣል፦ ጠቅላላው ይህን ያህል፣ ዋስትና ያለው ይህን ያህል። ኮሊን ካፐርኒክ እ.ኤ.አ. በ2014 ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር ለስድስት ዓመት ሲያራዝም ጠቅላላው እስከ 126 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል ተባለ፤ በፊርማው ቀን ሙሉ ዋስትና የነበረው ግን 13 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ከርክ ከዚንስ ከሚኒሶታ ጋር ለሦስት ዓመት በ84 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ ውስጥ ዋስትና የሌላት አንዲት ዶላር አልነበረችም። በርዕስ ካየነው የመጀመሪያው ይበልጣል። እኔ የሒሳብ ሰው ሆኜ ለልጄ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

ዋስትናውን ደግሞ በምክንያት ይከፋፍሉታል። ክለቡ ተጫዋቹን “ችሎታው ወረደ” ብሎ ቢያሰናብተው አንድ ነው፤ በጉዳት ምክንያት ቢያሰናብተው ሌላ ነው፤ ሊጉ ለአንድ ክለብ ጠቅላላ ደመወዝ ካስቀመጠው ጣሪያ ሥር ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ቢያሰናብተው ሦስተኛ ነው። ሦስቱንም የሚሸፍን ከሆነ ሙሉ ዋስትና ይሉታል። ለጉዳት ብቻ የሚሠራም አለ። ተጫዋቹና ወኪሉ ሲፈርሙ የትኛው እንደተሸፈነ፣ የትኛው ክፍት እንደቀረ በጽሑፍ ያውቁታል። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ደንብ አላቸው። ለመጪዎቹ ዓመታት ዋስትና የገባበትን ገንዘብ ክለቡ አስቀድሞ በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲያስቀምጥ ይደረጋል። ተስፋው ከባለቤቱ ኪስ ወጥቶ የተለየ ሒሳብ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ዛሬ ባለቤቶቹ ቢሊየነሮች ስለሆኑ ደንቡ አርጅቷል የሚሉ ብዙ ናቸው። ክለብ የወር ደመወዝ ለመክፈል የከተማ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤትን ደጅ በሚጠናበት አገር ግን ያ ደንብ አላረጀም።

የእኛው እግር ኳስ ሕግ ከዚያ በተቃራኒ የቆመ ነው። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ በአንቀጽ 13 የባለሙያ ውል የሚያበቃው ጊዜው ሲያልቅ ወይም በሁለቱ ወገን ስምምነት ብቻ ነው ይላል። አንቀጽ 16 በውድድር ዘመን መካከል ውልን በአንድ ወገን ማቋረጥን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንቀጽ 14 ቀጥሎ የተጨመረው፣ “14 ቢስ” የሚባለው አንቀጽ ደግሞ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ 15 ቀን ሰጥቶ፣ ካልተከፈለው በበቂ ምክንያት ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል። ክለቡ ያለ በቂ ምክንያት ካባረረውም ካሣው የሚነሣው ከቀረው የውል ዘመን ዋጋ ነው። በሕጉ ፊት እንግዲህ የጅማው ልጅ ከአሜሪካው ይሻላል፤ የአሜሪካው ገንዘብ በከፊል ብቻ ዋስትና ሲኖረው የእኛው ልጅ በሙሉ አለው። ሕጉን ትተን ባንኩን ካየን ግን የዚያኛው ከፊል ገንዘብ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፣ የእኛው ልጅ ሙሉ ገንዘብ የለም።

እዚህ ላይ በአንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ ያለውን ልዩነት አስቡት። ሁለት ተጫዋቾች እኩል ሦስት ወር አልተከፈላቸውም። አንዱ ከናይጄሪያ ወይም ከጋና የመጣ ነው፤ አንዱ ከእኛው ከጅማ አካባቢ፣ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ። የፊፋ የክርክር መድረክ የሚቀበለው ዓለም አቀፍ ገጽታ ያለውን ጉዳይ ስለሆነ የውጭው ልጅ ማመልከቻውን እዚያ ያስገባል። ፊፋ ክለቡን አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ እስከ ሦስት ተከታታይ የምዝገባ ጊዜ ሊያግደው ይችላል። ክለቡ ይህን ስለሚያውቅ ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ የሚከፈለው ለእርሱ ነው። ለአጋሮው ልጅ የሚቀረው የእናንተው በር ነው። የውጭውን ልጅ ተከፈለው ብዬ አልቀናበትም፤ መብቱ ነው። የምለው በገዛ አገሩ የሚጫወት ኢትዮጵያዊ በውሉ ከእንግዳው ያነሰ ጥበቃ ሊኖረው አይገባም ነው።

እናንተም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አልተቀመጣችሁም። ዲሲፕሊን ኮሚቴው ደመወዝ ያልከፈሉ ክለቦች እንዲከፍሉ ሲወስን፣ ያልፈጸሙትንም ከፌዴሬሽኑ አገልግሎት ሲያግድ በየጊዜው እንሰማለን። ያ ውሳኔ ለብዙ ልጅ እንጀራ ሆኗል። ሆኖም ውሳኔው የሚመጣው ልጁ ከተራበ በኋላ ነው፤ የሚመጣውም መክሰስ ለደፈረ ብቻ ነው። ደግሞም በውል ክርክር ላይ የሚፈርደው አካል ተጫዋቾችና ክለቦች እኩል የተወከሉበት፣ ሰብሳቢው ከሁለቱም ነፃ የሆነ ሸንጎ እንዲሆን የፊፋ ደንብ ይፈልጋል። ዲሲፕሊን ማስከበር አንድ ሥራ ነው፣ ውል መዳኘት ሌላ። ለውል ብቻ የተለየ፣ እኩል ውክልና ያለው ሸንጎ ይኑረን፤ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከድሬዳዋ የሚያመለክትም ልጅ አዲስ አበባ ሳይመላለስ በስልክና በኢንተርኔት የሚሰማበት መንገድ ይከፈት።

ክለቦች ወጪ ለመቀነስ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተሰብስበው የወር ደመወዝ ጣሪያውን 50 ሺህ ብር ያደረጉበትን ስምምነት አስታውሳለሁ። ሐሳቡ ክለብን ከኪሳራ ማዳን ነበር፤ አልቃወመውም። ግን ጣሪያ ሲሠራ ወለል አልተሠራም። ተጫዋቹ ከዚህ በላይ አያገኝም ተባለ፤ ከዚህ በታች አያጣም ያለ የለም። ከጣሪያው በላይ ያለውም ገንዘብ አልጠፋም፣ ወደ ቃል ተዛወረ። ወላጆች ውል ሲያሳዩኝ “የቀረውን በእጅ እንሰጥሃለን ብለውታል” የሚሉኝ ያንን ነው። ያልተመዘገበ፣ ፊርማ የሌለው፣ ለየትኛውም ሸንጎ ሊቀርብ የማይችል ገንዘብ። ዋስትና የሌለው ገንዘብ ሁሉ የመጨረሻው ደረጃ ይህ ነው፤ ልጁ አለኝ እያለ የሚኖርበት፣ ሲከለከል ግን ነበረኝ ብሎ እንኳ ሊናገር የማይችለው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። ማንኛውም ከተማ አስተዳደር የኮብልስቶን መንገድ ሊያሠራ ጨረታ ሲያወጣ አሸናፊውን ተቋራጭ የውል ማስከበሪያ ያስይዘዋል። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በተለምዶ ከውሉ ዋጋ አሥር በመቶ፣ በባንክ ዋስትና ወይም በሲፒኦ። ተቋራጩ ሥራውን ትቶ ቢጠፋ ከተማው ባንኩ ጋ ሄዶ ገንዘቡን ይወስዳል። ይህ ለከተማ አስተዳደሮች እንግዳ ነገር አይደለም፤ የየዕለት ሥራቸው ነው። ያው ከተማ የኳስ ክለብ ሲያቋቁምና ሃያ አምስት ወጣት ሲያስፈርም ግን ምንም አያስይዝም። የድንጋይ ሥራ ውል ማስከበሪያ ካስፈለገው የልጅ ጉልበት ውል ለምን አላስፈለገውም?

እንዲህ ይደረግ፦ ክለብ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ተጫዋቾቹን ሲያስመዘግብ ቢያንስ የሦስት ወር ጠቅላላ የደመወዝ ክፍያ የሚሸፍን የባንክ ዋስትና ለሊጉ ያስገባ። የአንድ ወር ደመወዝ ሳይከፈል ከ30 ቀን በላይ ካለፈ ተጫዋቹ መክሰስ ሳያስፈልገው፣ በክፍያ ሰነዱ ብቻ፣ ከዚያ ዋስትና ይከፈለው። ክለቡ የጎደለውን እስኪሞላ ድረስ በሚቀጥለው የዝውውር መስኮት አዲስ ተጫዋች አያስመዝግብ። የሁለት ዓመት ውል የሚፈልግ ክለብም የሁለተኛውን ዓመት ዋስትና በዚያው ዓመት ምዝገባ ላይ ያድስ፤ ማደስ ካልቻለ ተጫዋቹ መልቀቂያውን ያለ ድርድር ይውሰድ፣ የካሣ መብቱም አይነካ። መጠኑ ላይ ልንከራከር እንችላለን። ሦስት ወር በዛ ከተባለ በሁለት ይጀመር። መሠረቱ ግን ገንዘቡ ከፊርማው በፊት መገኘቱ ነው።

የክለብ ኃላፊዎች ምን እንደሚመልሱ አውቃለሁ፤ ሁለቱን በቁም ነገር እወስዳቸዋለሁ። አንደኛው “ዋስትና ከሰጠነው አይሠራም” የሚለው ነው። ከባዶ ሜዳ የመጣ ሥጋት አይደለም። የኤንኤፍኤሉ ክለብ ክሊቭላንድ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተጫዋቹ ለዴሾን ዋትሰን ለአምስት ዓመት 230 ሚሊዮን ዶላር በሙሉ ዋስትና ሰጠ። ተጫዋቹ በሥነ ምግባር ጉዳይ በዚያው ዓመት 11 ጨዋታ ታገደ፤ ከዚያ ደግሞ ጉዳት ተፈራረቀበት። ክለቡ አሁንም የሚያስታውሰው በጸጸት ነው። ነገር ግን የዋስትና ውል ሥነ ምግባር የጣሰን ተጫዋች እንዲጠብቅ ተደርጎ መጻፍ የለበትም። ልምምድ የሚቀር፣ ካምፕ የሚሸሽ፣ ጨዋታ የሚሸጥ ዋስትናውን የሚያጣበት አንቀጽ ይግባ፤ በግልጽ ይጻፍ፣ ሸንጎው ይመርምረው። ጉልበቱ የተበጠሰውን ልጅ ግን ከእነዚህ ጋር አንድ ላይ አትደምሩብን። ተጎድቶ የተኛ ሰው አልሠራም አላለም፤ የተጎዳው ሥራ ላይ ነው።

ሁለተኛው “ትናንሽ ክለቦች ይዘጋሉ” የሚለው ነው። ይህ ይበልጥ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም የእኛም ከተማ ክለቦች ሀብታም አይደሉም። ሆኖም የሦስት ወር ደመወዝ ማስያዝ የማይችል ክለብ የሃያ አራት ወር ሊከፍል አይችልም። ያለው ምርጫ አነስተኛ ደመወዝ መጻፍ፣ ጥቂት ተጫዋች ማስፈረም፣ ከተስፋ ቡድኑ ልጆች ማሳደግ ነው። 8 ሺህ ብር ተጽፎለት በየወሩ 8 ሺህ ብር የሚደርሰው ልጅ ቤት ኪራዩን ያውቃል። 40 ሺህ ተጽፎለት ስንቱና መቼ እንደሚደርሰው የማያውቀው ግን ማቀድ አይችልም፤ ተበድሮ ይኖራል፣ ተበድሮ የሚኖር ተጫዋች ደግሞ ጨዋታ ለሚገዛ ሰው ቅርብ ነው። ይህን የመጨረሻውን ነገር በስብሰባዎቻችሁ ላይ ጮክ ብላችሁ ብታነሡት እወዳለሁ።

ስለ መውረድም ውሉ ይናገር። እኛ ጅማዎች ይህን ከሌላው በላይ እናውቃለን። ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በገብረመድህን ኃይሌ አሠልጣኝነት፣ ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ልዩነት ቀድሞ ዋንጫውን ወሰደ። ኦኪኪ አፎላቢ የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። በተከታዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈው። ያ ደስታ በጅማ ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ዛሬም ይወራል። በ2014 ዓ.ም. ያው ክለብ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ማንንም ለመውቀስ አላነሣሁትም። ሻምፒዮን የሆነ ክለብ በአራት ዓመት ውስጥ ሊወርድ የሚችልበት ሊግ ውስጥ ሆነን ውሎቻችን ስለ መውረድ ዝም ማለታቸው ግን አይገባኝም። ሲወርድ ደመወዙ በምን ያህል ይቀንሳል? ተጫዋቹ የመልቀቅ መብት አለው ወይ? ያልተከፈለው ውዝፍ ከየት ይከፈላል? ሦስቱም በአንድ አንቀጽ ሊመለሱ ይችላሉ።

የሴቶች ሊግ ተጫዋቾችንም ከዚህ እንዳታስቀሯቸው። ደመወዛቸው ያነሰ ስለሆነ የባንክ ዋስትናው ለክለቦች ይቀላል፤ አዲሱን አሠራር ከእነርሱ መጀመርም ይቻላል።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር፣ ብር የማያስወጣ። ተጫዋቹ የውሉን ቅጂ ፊርማው በተፈረመበት ቀን በእጁ ይያዝ። ወላጆች ይዘውልኝ ከሚመጡት ወረቀት ውስጥ በስልክ ካሜራ የተነሣ፣ ግማሽ ገጹ የተቆረጠ፣ ማኅተም የሌለው ብዙ ነው፤ ዋናው “ክለቡ ጋ ነው” ይሉኛል። ቋንቋውም ልጁ የሚያነበው ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞ የተማረውን በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ የተማረውን በአማርኛ። በመጀመሪያው ገጽ ላይም ሦስት ቁጥር ጎልቶ ይጻፍ፦ ጠቅላላው ክፍያ፣ በማንኛውም ሁኔታ ዋስትና ያለው ክፍያ፣ በጉዳት ጊዜ የሚቀጥለው ክፍያ። ሦስቱም ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ይታወቅ። ዝውውሩን የሚያበሥረው ክለብ ወይም ጋዜጠኛም ሁለተኛውን ቁጥር አብሮ ይናገር።

አብዛኞቹ ውሎች የሚያልቁት ሰኔ 30 ነው። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ይከፈታል፣ ልጆቻችንም እንደገና ብዕር ያነሣሉ። አዲሱ የምዝገባ ቅጽ ከመዘጋጀቱ በፊት የክለቦችን፣ የተጫዋቾችንና የባንኮችን ተወካዮች አንድ ላይ እንድትጠሩ እጠይቃለሁ። ስለ ባንክ ዋስትናው የሰነድና የሒሳብ ሥራ ያለ ክፍያ ለመርዳት ዝግጁ ነኝ። መልሳችሁን በይፋ ብታወጡት፣ ሐሳቡን የማትቀበሉት እንኳ ቢሆን ምክንያቱን ብትጽፉ፣ ውሉን ይዘውልኝ ለሚመጡት ወላጆች አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ
ጅማ

ግልባጭ፦
ለከተማና ለዞን አስተዳደር የስፖርት ጽሕፈት ቤቶች
ለፕሪሚየር ሊግና ለከፍተኛ ሊግ ክለቦች በሙሉ
ለተጫዋቾችና ለወላጆቻቸው